መርዛማ ጭስ የጎዳቸው የአሜሪካ ጦር ልጆቻችን ካሳ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታላቅ ወንድሜ ለእረፍት ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ቅዳሴ ውስጥ ቆሞ መጨረስ አይችልም። ካህኑ ጽናውን ይዘው ማጠን ሲጀምሩ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጭኖ ወደ ደጀ ሰላሙ ይወጣል። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላም እንዲሁ ነው፣ ገና ዕጣኑ ሳይጨስ እሱ በረንዳ ላይ ነው። ሌሊት ደግሞ ሦስት ትራስ ደራርቦ፣ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያድረው።

ዲቪ ደርሶት ሄዶ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባ። በ2010 እና በ2011 (በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ይህን የምለው ወደ ታች በሚገባችሁ ምክንያት ነው) አፍጋኒስታን፣ ባግራም የሚባል የጦር ሰፈር ነበር። እዚያ የሰፈሩ ቆሻሻ ሜዳ ላይ ነበር የሚቃጠለው። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ቀለም፣ የሕክምና ተረፈ ነገር፣ ምኑ ቅጡ። ጭሱ ድንኳን ድረስ ይገባል። ነሐሴ 4 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በእነሱ ኦገስት 10 ቀን 2022፣ ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ተፈርሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የካሳ በር ተከፈተ። ወንድሜ ግን በሩ ተከፍቶም ብዙ ተንገላታ። ወረቀቱን አብሬው ስለለቀምኩ የት የት እንደተሰናከልን አውቀዋለሁ። ከጎጃም ሄደው እዚያ ጦር የገቡ ልጆች ጥቂት አይደሉም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

«እኔ ተዋጊ አልነበርኩም፣ አይመለከተኝም» ማለት

ሕጉ ተኩሰሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የት ነበርክ፣ መቼ ነበርክ፣ ምን ታመምክ ነው የሚለው። ወጥ ቤት የሠራም፣ ሹፌር የነበረም እኩል ነው። ከኦገስት 2 ቀን 1990 ወዲህ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ፣ ኳታር፣ ባህሬን፣ ኦማን፣ ኤምሬትስ ወይም ሶማሊያ የነበረ ይካተታል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ደግሞ አፍጋኒስታን፣ ሶርያ፣ ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስ፣ ግብጽ፣ የመን፣ ኡዝቤኪስታን እና ጅቡቲ። አዎ፣ ጅቡቲ! እዚህ አፍንጫችን ሥር ያገለገለ ልጅ «እኔ እኮ ጦርነት አላየሁም» ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

በሽታዎቹም ካንሰር ብቻ አይደሉም። ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም፣ የማይለቅ ሳይነስ፣ የማይለቅ የአፍንጫ አለርጂ፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ፣ የሳንባ ጠባሳ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከካንሰር ደግሞ የአንጎል፣ የኩላሊት፣ የቆሽት፣ የሆድ ዕቃ፣ የሳንባ እና ሌሎችም። በ2025 መጀመሪያ የደም ካንሰር እና የሽንት ፊኛ ካንሰር ተጨምረዋል። ዋናው ነገር፣ ቦታው እና በሽታው ከገጠሙ «ጭሱ ነው ያሳመመኝ» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ሕጉ ራሱ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ብሎ ይቀበላል።

ወረቀት እስኪሟላ መጠበቅ

ወንድሜ «ሁሉን ላሟላና አንድ ጊዜ ላስገባ» እያለ ስምንት ወር አባከነ። ስህተት ነው። መጀመሪያ «ላመለክት አስቤያለሁ» የሚለውን ቅጽ፣ ቁጥሩ 21-0966 ነው፣ ካሳውን ለሚሰጠው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) ማስገባት ነበረበት። በስልክም ይቻላል። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ለመልቀም ጊዜ አላችሁ፣ ከተፈቀደላችሁም ክፍያው ወደ ኋላ ተመልሶ ከዚያች ቀን ይቆጠራል። በ2025 ተመን ብቻውን ያለ ሰው የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ ነው ቢባልለት በወር 537 ዶላር ከ42 ሳንቲም ነበር፣ ግብርም የለበትም። ስምንት ወር ስትመቱት አራት ሺህ ዶላር ያልፋል። ያ ገንዘብ አልተመለሰም።

መመዝገብን ማመልከት አድርጎ ማሰብ

ይህ ብዙ ሰው ያሞኛል። የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ መዝገብ የሚባል አለ፣ ስማችሁ እዚያ ቢኖር የካሳ ጥያቄ አቀረባችሁ ማለት አይደለም። ሐኪም ቤት «ለመርዝ ተጋልጠሃል ወይ» እያሉ የሚሞሉት ማጣሪያም እንደዚያው። ካሳ የሚጠየቀው በራሱ ቅጽ፣ በ21-526ኢዜድ ነው።

ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ ሰው ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል።

ወንድሜ ለካሳ ምርመራ ተጠራ። ሐኪሟ ገና ሲገባ እንዴት ነህ አለችው። እሱም እንዳደገበት መለሰ፣ በጣም ደህና ነኝ አላት። ደረጃ ስትወጣ ያስቸግርሃል? ትንሽ። ሌሊት ያስነሳሃል? አንዳንዴ። እኛ ዘንድ ሕመምን መዘርዘር ማማረር ነው፣ ነውር ነው፤ አልጋ ላይ የተኛ ሰው እንኳ ጠያቂ ሲመጣ «ተመስገን ዛሬስ ተሽሎኛል» ነው የሚለው። እሷ ግን ስለኛ ባህል ምን ታውቃለች? የሰማችውን ጻፈች። ውጤቱ ሲመጣ ሕመሙ ቀላል ነው ይላል፣ 10 በመቶ። እናታችን ሲነበብላት «ሌሊቱን እኔ ልንገራቸው እንጂ!» ብላ አለቀሰች።

እውነትን መናገር ማማረር አይደለም። «ደህና ነኝ» ብሎ መደበቅ ግን ለገዛ ራስ በሐሰት መመስከር ነው። በባሰባችሁ ቀን ምን እንደምትሆኑ ተናገሩ፦ ስንት ትራስ፣ ስንት ደረጃ፣ ከሥራ ስንት ቀን ቀራችሁ፣ ቅዳሴ ላይ ለምን ወጣችሁ። መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ለአስም የሚነፋውን መድኃኒት በየቀኑ መውሰድ ብቻውን 30 በመቶ ሊያሰጥ ይችላል፣ ወንድሜ ኪሱ ውስጥ ይዞት ገብቶ ሳያሳያት ወጣ። አብሯችሁ የሚኖር ሰውም ያየውን ጽፎ መፈረም ይችላል። በኋላ እናታችን ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፣ ተተርጉሞ ገባ።

ቀጠሮውን ደግሞ አትቅሩ። ከቀራችሁ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል። እዚህ ሆናችሁ በስልክ ከተቀጠራችሁ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁለቴ ጠይቁ።

የእኛን ቀን እና የእኛን ስም ሳያብራሩ መላክ

አስሙ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ለእረፍት መጥቶ ሲታመም። ሐኪሙ ካርዱ ላይ 12/03/2009 ብሎ ጻፈ። ኅዳር 12 ቀን 2009 ማለት ነው፣ በእነሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2016። አሜሪካኑ ሲያነበው ግን ወሩን ያስቀድማል፣ ዓመቱንም እንዳለ ይወስደዋል። ዲሴምበር 3 ቀን 2009! ወንድሜ ገና አፍጋኒስታን ሳይረግጥ አስም ነበረበት ማለት ሆነ። በአንዲት ቀን ምክንያት ጥያቄው በሙሉ ሊበላሽ ነበር። እያንዳንዱን የአገር ቤት ወረቀት አስተርጉሙ፣ ተርጓሚውም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል ይጻፈው።

ስምም ያው ነው። እነሱ ዘንድ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ። የእኛ ልጅ መጨረሻ ስሙ የአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው፣ ሚስትም የአባቷን ስም ትይዛለች። ፋይሉን የሚያየው ሰው ዘመዳሞች መሆናቸው አይታየውም። አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዙ። ጋብቻው በተክሊልም ይሁን በሽማግሌ፣ ከወሳኝ ኩነት የምስክር ወረቀት አውጡ። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ለሚስት እና ለልጅ ይጨመርለታል፣ በእርሱ ለሚተዳደሩ ወላጆችም እንደዚሁ።

ለደላላ መክፈል

መጀመሪያ ማመልከቻ ለማስገባት ማንም ሊያስከፍላችሁ ሕጉ አይፈቅድም። «ከሚመጣው እካፈላለሁ» የሚል ካለ ሽሹት። ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሌጅን፣ ቪኤፍደብሊው የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነጻ ይሠሩላችኋል።

«እምቢ» ሲባሉ መተው

ውሳኔው ከመጣ በኋላ አንድ ዓመት አላችሁ። አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና መጠየቅ፣ በከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይ ማድረግ፣ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ማቅረብ ይቻላል። ከ2022 በፊት ተከልክላችሁ ከሆነ እና በሽታው አሁን ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ ተጨማሪ ጥያቄ አቅርቡ። ወንድሜ በእናታችን ምስክርነት እና በተስተካከለው ካርድ 30 በመቶ ደረሰ።

የራስ እምሩ የጎጃም ጦር ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም ተከዜ ላይ የጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ ሲዘንብበት፣ ቆዳው ተልጦ ለተመለሰው ገበሬ ካሳ የሚሞላ ቅጽ አልነበረም። ይህን ሳስብ ቅጹ እያለ ዝም የሚል ሰው በጣም ያሳዝነኛል።

አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ሕክምናን ከኪስ መክፈል

ባሕር ዳርም ኑሩ ደጀን፣ ከአገልግሎት የመጣ ነው ተብሎ ለጸደቀ በሽታ ኤፍኤምፒ የሚባለው የውጭ አገር የሕክምና ፕሮግራም ይከፍላል። ቀድሞ በቅጽ 10-7959ኤፍ-1 መመዝገብ ነው። ከዚያ ከፍላችሁ ደረሰኙን ትልካላችሁ፣ ከታከማችሁበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ። ደረሰኙ የበሽታውን ስም፣ የተደረገውን ሕክምና፣ ቀኑን እና ዋጋውን ለየብቻ ይያዝ። «የመድኃኒት ዋጋ» ብቻ ተብሎ የተጻፈውን ተመላልሼ ነው ያስቀየርኩት።

ሰውየው ሲሞት ፋይሉን አብሮ መቅበር

በጸደቀ በሽታ ወይም ከዝርዝሩ ውስጥ ባለው ከሞተ ሚስት፣ ልጆች፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ወላጆችም መጠየቅ ይችላሉ። በሕይወት ሳለ አመልክቶ ባያውቅም። በሞተ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተጠየቀ ክፍያው ከሞተበት ወር ይጀምራል፣ ከዘገየ ግን ካመለከቱበት ጊዜ ነው። ዲዲ 214 የሚባለው የአገልግሎት ማስረጃ ከጠፋ ሴንት ሉዊስ ካለው የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ይወጣል። የወንድሜን አንድ ኮፒ እናታችን ከወንጌሏ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ የሚጠራበትን ስልክ ቁጥርም እኔ ጀርባው ላይ ጽፌላታለሁ።