አንድ የአልተርናቲቭ ሮክ ዘፈን ከጊታር እስከ መልቀቅ

ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ሠርቶ ራሱ ለሚዘፍን ሰው የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና አልበም ማውጣት አይደለም፤ አንድ ዘፈን በሥርዓቱ ጨርሶ መልቀቅ ነው። ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐድ) ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛው የሚፈጠረው ገና ጊታሩ ሲቃኝ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

ኪዩን (ዘፈኑ የሚመሠረትበትን የድምፅ ከፍታ) የሚወስነው የአዝማቹ ከፍተኛ ኖታ ነው። ያንን ኖታ በሙሉ ድምፅ ዐሥር ጊዜ ተከታትሎ መዝፈን ካቃታችሁ ኪዩን ግማሽ ወይም አንድ ቶን አውርዱት። ስቱዲዮ ውስጥ በስንት ሙከራ አንዴ የተሳካ ኖታ፣ መድረክ ላይ አምስተኛው ዘፈን ላይ ሲፈለግ አይገኝም። ካፖ (የጊታሩ አንገት ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ከፍ ለማድረግ እንጂ ለማውረድ አያገለግልም፤ ማውረድ ከፈለጋችሁ ስድስቱንም ክሮች አላሉ። ነገር ግን ባለ 10 ቀጭን ክር (ቁጥሩ ውፍረቱን ያሳያል) አንድ ቶን ሲላላ ፍሬቱን (የአንገቱን የብረት መስመር) እየነካ ይንጫጫል፤ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ደግሞ ቅኝቱ ለቅጽበት ወደ ላይ ይሸሻል። ባለ 11 ወይም ባለ 12 ክር ይህን ያስቀራል። ስድስተኛውን ክር ብቻ ከኢ ወደ ዲ ማውረድም አለ (ድሮፕ ዲ ይሉታል)፤ ፓወር ኮርድን (ከሁለት ኖታ ብቻ የሚሠራውን ኮርድ) በአንድ ጣት ለመያዝ ያስችላል።

የዚህ ሙዚቃ ጉልበት ያለው በዝግታና በጩኸት መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። የሮክ ባንዶቹ ፒክሲስ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ከእነሱም በኋላ ኒርቫና የታወቁበት ዘዴ ይኸው ነው፤ ቨርሱ (ከአዝማቹ በፊት ያለው የግጥም ክፍል) ዝቅ ይላል፣ አዝማቹ ይፈነዳል። ስለዚህ ቨርሱ ላይ አንድ ጊታርና ቤዝ ይብቃችሁ። የቀኝ መዳፋችሁን ጠርዝ ድልድዩ አጠገብ ክሮቹ ላይ ጣል አድርጋችሁ አፍኗቸው፤ አዝማቹ ሲገባ ልቀቋቸው። ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ሁሉም ከጮኸ አዝማቹ መሄጃ ያጣል።

ግጥሙን ዜማ ላይ ስትጭኑ በአማርኛ አንድ ወጥመድ አለ፤ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል። «አለ» ላልቶ ከተዘፈነ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ከተዘፈነ «ይገኛል» ነው። ዜማው «ለ»ን በአጭር ኖታ ቸኩሎ ካሳለፋት «ሰው አለ» ያላችሁት ስንኝ «ሰው ተናገረ» ሆኖ ይሰማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሚጠብቀው ፊደል በፊት ያለውን ኖታ አሳጥራችሁ ለመጥበቂያው ቦታ ስጡት። ካልሆነ ቃሉን ለውጡ። ዜማውን ለማያውቅ ሰው አንዴ ዘፍናችሁለት የሰማውን እንዲጽፍ ብታደርጉት ችግሩ ወዲያው ይወጣል።

ወደ መቅጃው። ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል ኮንደንሰር ማይክ ክፍሉንም ጭምር ይቀዳል፤ እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል። ከኋላችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በልብስ የተሞላ ቁም ሳጥን ይኑር። አፋችሁ ከማይኩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በጣም ስትጠጉ ወፍራሙ ድምፅ ያለ ልክ ይጨምራል። ቨርሱ ላይ ይህ ሙቀት ሊጠቅም ይችላል፤ አዝማቹ ላይ ግን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ በሉ። «ፕ» እና «ፍ» ሲወጡ አየር ስለሚገፉ ከፊት ማጣሪያ ጨርቅ ይቁም፣ ወይም ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት።

ቅጂው 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ይሁን። መጠኑን የምታስተካክሉት በቨርሱ ሳይሆን በአዝማቹ ከፍተኛ ጩኸት ነው፤ ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። 24 ቢት ላይ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በኋላ ያለ ጉዳት ከፍ ይላል፣ ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ስትዘፍኑ ድምፃችሁ ዘግይቶ ጆሯችሁ ከገባ በመቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያሳልፍበትን ልክ) ወደ 128 አውርዱት፤ ለሚክስ 512 ወይም 1024 ይመለስ። ማዳመጫው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ካልሆነ የሜትሮኖሙ (የምት ቆጣሪው) ምት ወደ ማይኩ ይሾልካል፤ የሚሰማውም ዘፈኑ ጸጥ በሚልበት መጨረሻ ላይ ነው።

አኩስቲክ ጊታር ሲቀዳ ማይኩ ወደ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ 12ኛው ፍሬት ይዙር፣ ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር። ቀዳዳው ፊት ላይ የተቀመጠ ማይክ የሚያመጣው ወፍራም ጉምጉምታ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ማይኩ ከስፒከሩ ጨርቅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መሃሉ ሹል፣ ወደ ጠርዙ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ኢኳላይዘር (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ከመንካታችሁ በፊት ማይኩን አንቀሳቅሱ።

አዝማቹን ሰፊ የሚያደርገው ያንኑ ጊታር ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ማድረግ ነው። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ አይሠራም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መሃል ላይ ጮኽ ያለ አንድ ጊታር ብቻ ይሆናል፤ ኮፒውን ትንሽ ካዘገያችሁት ደግሞ ግራና ቀኝን አንድ በሚያደርግ ሞኖ ስፒከር ላይ ሲሰማ ይቀጥናል። ለብቻው ሲሰማ ትንሽ የሚያንስ የሚመስለው ዲስቶርሽን (የጊታሩ መሻከር) ሲደረብ ልክ ይመጣል፣ ለብቻው ልክ የሆነው ግን ሲደረብ ኮርዱን ያቦካዋል።

ለድምፅ አራት ወይም አምስት ሙሉ ቅጂ ይበቃል፤ ከየቅጂው የተሻለውን ስንኝ መርጣችሁ አንድ አድርጉት። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ ኮምፕሬሰሩ (ጩኸቱን ከዝግታው ጋር የሚያቀራርበው መሣሪያ) 3 ለ 1 ሆኖ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ብቻ ይጫን። ማስተር ላይ (ያለቀውን ሚክስ ለመልቀቅ ስታዘጋጁ) ለጩኸት አትሩጡ። ስፖቲፋይ በመደበኛ ቅንብሩ ዘፈኖችን ከዜሮ በታች ወደ 14 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማው የአማካይ ጩኸት መለኪያ) ያመጣል። ጨምቃችሁ ያስጮኻችሁት ይቀነሳል፤ ቨርሱና አዝማቹ ግን እኩል ሆነው ይቀራሉ። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል ላይ ይቁም።

ብዙዎች የሚዘሉት ወረቀቱን ነው። አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ አንዱ የግጥሙና የዜማው፣ ሌላው የቅጂው ማለትም የማስተሩ። ከሌላ ሰው ጋር ከሠራችሁ ማን ስንት በመቶ እንደሚይዝ ለሁለቱም ለየብቻ፣ ድምሩ 100 ሆኖ፣ ሥራው ባለቀበት ቀን ተፈራረሙ። ከበሮ መቺው ተከፍሎት ነው ወይስ ድርሻ አለው? ገንዘብ ከመጣ በኋላ ይህ ጥያቄ ወዳጅነት ያፈርሳል። አከፋፋዩ (ዘፈኑን ለስፖቲፋይና ለመሰሎቹ የሚያስገባላችሁ ድርጅት) የሚሰበስበው የቅጂውን ገቢ ነው፤ የደራሲነቱን ለማግኘት የደራሲያን መብት ሰብሳቢ ማኅበር ዘንድ ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው። የቀጥታ መድረክ ቅጂው ወይም ሪሚክሱ አዲስ መለያ ይወስዳል፤ አከፋፋይ ስትቀይሩ ግን የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለዚያ የተደመጠበት ቁጥር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። የሽፋን ሥዕሉ 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን፣ የድረ ገጽ አድራሻም አይጻፍበት። ከመልቀቂያው ቀን አራት ሳምንት በፊት አስገቡ። ለስፖቲፋይ አዘጋጆች ዘፈን የሚጠቆመው ከመውጣቱ በፊት ብቻ ነው፤ ቢያንስ ሰባት ቀን መቅደም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን እዚያ የቅጂ ክፍያ አያገኝም። ለዚህም ነው ለጀማሪ 12 ዘፈን በአንድ ቀን ከማፍሰስ በየስድስት ወይም ስምንት ሳምንቱ አንድ መልቀቅ የሚሻለው።

መድረክ ላይ 30 ደቂቃ ማለት ስድስት ዘፈን ነው፤ ሰባተኛውን መቃኛው ይበላዋል። ድሮፕ ዲ የሆኑትን ተከታትለው እንዲመጡ አሰልፏቸው። ሞኒተሩ (ድምፃችሁን ለራሳችሁ የሚያሰማው የመድረክ ስፒከር) በትክክል ከማይኩ ጀርባ ይቀመጥ፣ የማይኩንም ጭንቅላት በእጃችሁ አትጨብጡ። ከሥሩ ያሉት ክፍተቶች ሲደፈኑ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ መከላከል ስለሚያቆም ማፏጨት ይጀምራል። የዘፈን ዝርዝሩ ላይ ከየርዕሱ ጎን ቅኝቱንና ካፖው የሚቀመጥበትን ፍሬት በትልቁ ጻፉ፤ አንዱን ኮፒ ለድምፅ ባለሙያው ስጡት።