የፉርሽካ ኩባያ ሲፈረፈር፣ የድንች ስስ ሽፋን ሲሰነጠቅ

ደሴ ላይ የድንች ጥብስ ከሚሠራበት ቤት ጓሮ ብትቆሙ፣ ነጭ ውሃ በባልዲ ሲደፋ ታያላችሁ። ያ ነጭ ነገር ከድንቹ የሚወጣው ስታርች ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከዱቄት ፋብሪካዎቹ ፉርሽካ፣ ከቢራ ፋብሪካው አተላ ይወጣል። አብዛኛው ለከብት መኖ ይሄዳል፤ ደግ ነው። እኔ ከዚያ ላይ ትንሽ ወስጄ ከፉርሽካው የሚበላ የቆሎ ኩባያ፣ ከስታርቹ ደግሞ ስስ መጠቅለያ (ሽፋን) እሠራለሁ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ አሠራሩን የሚጠይቁኝ በዝተዋል። የሚያስቸግራቸው ነገር ግን እኔን ያስቸገረኝ ያው ነው።

ሽፋኑ ሲደርቅ ይሰነጠቃል

መጀመሪያ ግሊሰሪኑን፣ ማለትም ሽፋኑን የሚያለሰልሰውን ወፍራም ፈሳሽ፣ ጠርጥሩ። ስታርች ብቻውን ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ግሊሰሪን መሃሉ ገብቶ ያላላዋል። እኔ ለ10 ግራም ስታርች 200 ሚሊ ሊትር ውሃና 3 ግራም ግሊሰሪን አደርጋለሁ። ለፊትና ለፀጉር የሚሸጠውን እንዳታስገቡ፤ ለምግብ እንደሚሆን የተጻፈበትን ብቻ ግዙ።

ግሊሰሪኑ ልክ ሆኖም ከተሰነጠቀ ጥፋቱ አደራረቁ ላይ ነው። እኔ ቸኩዬ ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጠው ነበር። ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፣ መሃሉ ገና እርጥብ ነው፤ ከዚያ ይቀደዳል። ስንት ትሪ ሙሉ ሥራ እንዲህ ተበላሽቶብኛል! አሁን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ቀስ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ፣ አንድ ቀን ተኩል ያህል እተወዋለሁ።

ሽፋኑ እጅ ላይ ይጣበቃል

ወይ ግሊሰሪን በዝቷል፣ ወይ ክረምት ነው። ግሊሰሪን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። የሐምሌ ጉም ቤት ድረስ በሚገባበት ደሴ፣ በጋ ላይ ልክ የነበረው መጠን ይበዛል። ወደ 2 ግራም ዝቅ አድርጉት።

ሽፋኑ ይጓጉላል፣ ይበጣጠሳል

ስታርቹ አልበሰለም። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ እሳት ላይ ጥዳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የድንች ስታርች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሃል ስለሚያብጥ ይህ ይበቃዋል። የበቆሎው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አታውርዱት። አረፋ ከያዘ ትንሽ አሳርፋችሁ ትሪው ላይ አፍስሱ።

ስታርቹን ራሱን ከዘቀጠ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ እጠቡት። ልጣጩን ግን አትፍጩት። አረንጓዴ የሆነ ድንች ልጣጩ መርዝ አለው።

ኩባያው ሲነካ ይፈረፈራል

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ፖላንድ ውስጥ ባዮትሬም የተባለ ድርጅት ከስንዴ ፉርሽካና ከጥቂት ውሃ ብቻ ሳህን ይሠራል። ያለ ማጣበቂያ የሚይዝለት በኃይለኛ ሙቀትና ግፊት ስለሚጫነው ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ መጫኛ የለም። ስለዚህ የሚያያይዝ ነገር መጨመር ግድ ነው።

ፉርሽካውን ወፍጮ ቤት መልሳችሁ አስፈጩት። ሻካራው ቅርፊት ሊጡን ይቆራርጠዋል። ከዚያ ለሁለት እጅ ፉርሽካ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት ጨምሩ። በውሃ ሳይሆን፣ እንደ አጥሚት በቀጠነ የበሰለ ስታርች ለውሱት። ሊጡን ዘይት በተቀባ የብረት ኩባያ ውስጥ በስሱ ለጥፉት፣ ሁለተኛ ኩባያ በላዩ ክተቱና ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት። በ150 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ከጋገራችሁ በኋላ ምድጃውን አጥፉትና እዚያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። እኔ ይህችን የመጨረሻዋን እዘልላት ነበር፤ ሳልዘልላት ስቀር መፈርፈሩ በጣም ቀነሰ።

ኩባያው ይርሳል፣ ያፈሳል

ይህ የአሠራር ስህተት አይደለም። ስታርችና ፉርሽካ ውሃ ይወዳሉ። ለወጥ ወይም ለሻይ አይሆንም፤ እሆናለሁ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑ። ለቆሎ፣ ለዳቦ ቆሎ፣ ለደረቅ ብስኩት ግን ግሩም ነው። ሰኞ ገበያ ቆሎ የሚሸጡ እናቶች እጅ ላይ ባየው ደስ ይለኛል። ትንሽ እርጥበት እንዲችል ከፈለጋችሁ ውስጡን በተጣራ የንብ ሰም በስሱ ቀቡት። ሰሙ 62 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ትኩስ ነገር አታድርጉበት።

ይሸታል፣ ይመርራል፣ ይሻግታል

ፉርሽካ ዘይት ስላለው ሲቆይ ይመርራል፤ የሰነበተ አትግዙ። ለመኖ የተከማቸው ከወለል ላይ የተጠረገ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ንጹህ ጆንያ ውስጥ የገባ ትኩስ ፉርሽካ ጠይቁ። የቢራ አተላ ከ70 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ በማግስቱ መቆምጠጥ ይጀምራል። ያመጣችሁት ዕለት ጨምቃችሁ በምድጃ አድርቁት። ኩባያው ስንዴ እንዳለበት ለገዢው ንገሩት፤ የማይስማማው ሰው አለ።

ሻጋታ ካያችሁ ፍቃችሁ ለመጠቀም አትሞክሩ፤ መርዙን ምድጃ አያጠፋውም። ለጎረቤት ላምም አትስጡት፤ በወተቱ በኩል ተመልሶ ቤታችሁ ይገባል።