የእርሻ ሥራ አስኪያጅ ሲቀጥሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራ አስኪያጁ በመንፈቁ ለቆ ሲሄድ ወይም ሲሰናበት ጥፋቱ የሚለጠፈው በእሱ ላይ ነው፤ «ሰነፍ ነበር»፣ «አልተግባባንም» ይባላል። ነገሩ ወደ ኋላ ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ገና ማስታወቂያው ሲጻፍ፣ ፈተናው ሲሰጥ ወይም የመጋዘኑ ቁልፍ ያለ ቆጠራ ሲተላለፍ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሁሉ የቀጣሪው ስህተቶች ናቸው።

ፎርማን እየፈለጉ ሥራ አስኪያጅ መቅጠር

«ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ስም ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይሸፍናል። አንደኛው ባለቤቱ የወሰነውን በሠራተኞች የሚያስፈጽም ፎርማን ነው። ሁለተኛው በጸደቀለት በጀት ውስጥ የዓመቱን ሥራ ራሱ አቅዶ ይመራል። ሦስተኛው ከዚህም አልፎ ገዢ ያፈላልጋል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ከባንክ ጋር ይጻጻፋል። የሦስቱ ደመወዝም ጠባይም ለየቅል ነው። ሁለተኛውን ቀጥረው የመጀመሪያውን ሥራ ቢሰጡት በወራት ውስጥ ይሰለቻል፤ የመጀመሪያውን ቀጥረው የሦስተኛውን ሥራ ቢጠብቁበት ደግሞ እሱም እርሻውም ይጎዳሉ።

የትኛውን እንደሚፈልጉ ለመለየት ባለፈው ዓመት እርሻው ላይ የተወሰኑ 20 ያህል ጉዳዮችን በወረቀት ይዘርዝሩ፦ ዘር የሚዘራበት ቀን፣ የዘሩ ዓይነት፣ ከመንጋው የምትወጣው ላም፣ የፓምፕ መለዋወጫ ግዢ፣ የቀን ሠራተኛ ቁጥር፣ የመሸጫ ዋጋ። ከእያንዳንዱ ጎን «እኔ ብቻ»፣ «ተመካክረን» ወይም «እሱ ብቻ» ብለው ይጻፉ። የሚጻፈው እስከ ዛሬ የነበረው አሠራር ሳይሆን ከእንግዲህ እንዲሆን የሚፈልጉት ነው። ከ20ው 15ቱ «እኔ ብቻ» ከሆኑ የሚያስፈልግዎ ፎርማን ነው፤ ለትልቅ ማዕረግ ትልቅ ደመወዝ አይክፈሉ። ወረቀቱን አይጣሉት፤ ለቃለ መጠይቁም ለውሉም ይፈለጋል።

ምንም የማይናገር ማስታወቂያ ማውጣት

«ልምድ ያለው፣ ታታሪና ታማኝ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ የማመልከቻ ክምር ያመጣል እንጂ ሰው አያመጣም። ታታሪ አይደለሁም ብሎ የሚቀር አመልካች የለምና። የሚያጣራው ቁጥር ነው፦ ስንት ሄክታር፣ ከዚያ ውስጥ በመስኖ የሚለማው ስንቱ፣ ስንት የሚታለቡ ላሞች፣ ስንት ቋሚና ስንት ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ የትኞቹ ማሽኖች፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ፣ መኖሪያ ቤት መኖር አለመኖሩ፣ ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ። ደመወዙን ደብቆ መቆየት፣ በመጨረሻው ቀን በክፍያ ከሚለያዩት ሰው ጋር ሁለት ወር ማባከን ነው።

ደመናው ከከበደ በኋላ መፈለግ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከመሬት ዝግጅት ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ አዲሱ ሰው ቢያንስ 1 ወር ቀድሞ መግባት አለበት፤ ዘርና ማዳበሪያ የሚታዘዘው፣ ማሽን የሚጠገነው ያኔ ነው። ጥሩ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ስለሚሆን ለመልቀቅ ከ1 እስከ 3 ወር ያስፈልገዋል። ማስታወቂያው፣ ማጣራቱና ፈተናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳሉ። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው መሬቱ ከመታረሱ ግማሽ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። «ነገ ልግባ» የሚል እጩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለምን ነጻ እንደሆነ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

የልምድ ዓመት መቁጠር

10 ዓመት በዝናብ ብቻ እህል ያመረተ ሰው የጠብታ መስኖ ማጣሪያ መቼ እንደሚታጠብ ላያውቅ ይችላል። በ2,000 ሄክታር እርሻ ላይ የአንድ ክፍል ኃላፊ የነበረም፣ ፓምፕ ሲበላሽ ጥገና ክፍልን፣ መድኃኒት ሲያልቅ ግዢ ክፍልን ሲጠራ የኖረ ነው። በ30 ሄክታር ላይ እነዚያ ክፍሎች ሁሉ እሱ ራሱ ናቸው። ስለዚህ «ስንት ዓመት ሠሩ?» ከሚለው ይልቅ «በቀጥታ የሚያዟቸው ስንት ሰዎች ነበሩ? የግዢ ጥያቄ ላይ የሚፈርመው ማን ነበር? የሚዘራበትን ቀን ማን ወሰነ? ምን ተበላሸብዎት?» ይበሉ። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ወይ ወስኖ አያውቅም፣ ወይ አይናገርም።

ጎበዙን የትራክተር ሹፌር ወይም ጎበዙን የሰብል ባለሙያ በአንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ማድረግም የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ ነው። ማረስ ሌላ፣ 25 ሰው ጠዋት ማሰማራት ሌላ። አንዳንዴ ይሳካል፤ ካልተሳካ ግን ጎበዙን ሹፌርም ያጣሉ።

ወንበር ላይ ብቻ መፈተን

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ጥሩ ተናጋሪ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅን በቀላሉ ያልፋል፤ ማሳ ላይ ግን ንግግር አያድንም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይም ሦስት እጩዎች በየተራ እርሻው ላይ ለሁለት ሰዓት ያዘዋውሯቸው። እርስዎ ዝም ይበሉ። የሚያውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ አፈሩን ይቆፍራል፣ ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፣ የላሞቹን እበትና የውኃ ገንዳውን ይመለከታል፣ የትራክተሩን የሰዓት ቆጣሪ አንብቦ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ይጠይቃል፣ የኬሚካል መጋዘኑ እንዲከፈትለት ይፈልጋል። ከዚያ አንድ ገጽ ያጽፉት፦ በዚህ ሳምንት የሚሠራቸው ሦስት ነገሮች፣ በዚህ ወቅት የሚሠራቸው ሦስት፣ ለጊዜው የማይነካቸው ሦስት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን ልገልብጥ የሚል ሰው ያስፈራል።

ቀጥሎ በእርሻው ዓይነት የተቃኘ የስሌት ጥያቄ ይስጡት፤ ስልኩን ቢጠቀም ችግር የለውም።

ለሰብል እርሻ፦ በቆሎ በረድፎች መካከል 75 ሳ.ሜ፣ በተክሎች መካከል 25 ሳ.ሜ ቢዘራ በሄክታር ስንት ተክል ይቆማል? 10,000ን ለ0.75 × 0.25 ሲያካፍሉ 53,333 ይመጣል። የዘሩ ብቅለት 90 በመቶ ከሆነስ? ወደ 59,300 ዘር ያስፈልጋል። ለሄክታር 92 ኪ.ግ ናይትሮጅን ከታዘዘ ስንት ዩሪያ ይወጣል? ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ 200 ኪ.ግ።

ለርጭት፦ እያንዳንዱ ኖዝል (የመርጫው አፍ) በደቂቃ 0.8 ሊትር ይረጫል፣ ኖዝሎቹ በ50 ሳ.ሜ ተራርቀዋል፣ ትራክተሩ በሰዓት 6 ኪ.ሜ ይሄዳል። 0.8 × 600 (600 መለኪያዎቹን የሚያዛምድ ቋሚ ቁጥር ነው) ለ6 × 0.5 ሲካፈል በሄክታር 160 ሊትር ይሆናል። የ400 ሊትር ታንከር 2.5 ሄክታር ያዳርሳል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ በሄክታር 1.5 ሊትር ከሆነ አንድ ታንከር 3.75 ሊትር ይገባበታል። ከዚያ «ሹፌሩ በ4 ኪ.ሜ ቢነዳስ?» ብለው ይጠይቁ። ርጭቱ 240 ሊትር፣ የመድኃኒቱ መጠንም አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ቀመሩን ረስቶ ጉዳቱን ወዲያው የተረዳ ሰው፣ ቀመሩን ሸምድዶ ጉዳቱን ካላየው ይሻላል።

ለዶሮ እርባታ፦ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። 1,000 ዶሮዎች ባሉበት ቤት የመኖ ወጪ መዝገቡ በቀን 150 ኪ.ግ ካሳየ ትርፉ መኖ የት ገባ? ወዲያው «ሌባ አለ» የሚል እጩ ቸኩሏል። ሚዛኑን፣ ከአፍ እስከ ገደፍ የተሞላ መመገቢያን፣ አይጥን፣ ከዚያ መዝገቡንና መጋዘኑን በቅደም ተከተል የሚያነሣው ሥራውን ያውቃል።

ለወተት እርሻ፦ 40 ኪ.ግ የሚመዝን ጥጃ ሲወለድ ምን ይደረግለታል? የሰውነቱን ክብደት አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 4 ሊትር ያህል እንገር፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጠጣት አለበት፤ በእንገሩ ያለውን የበሽታ መከላከያ አንጀቱ የሚቀበለው ቢበዛ እስከ 24 ሰዓት ገደማ ስለሆነ። ሰውየውን ራሱን የሚያሳየው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ «አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተት በስህተት ማቀዝቀዣው ታንከር ውስጥ ገባ፤ የገዢው መኪና በር ላይ ቆሟል። ምን ያደርጋሉ?» ትክክለኛው መልስ ወተቱ እንዳይጫን ማገድ፣ ለገዢውና ለባለቤቱ መናገር፣ ከዚያ የታከመች ላም እንዴት ምልክት ሳይደረግባት እንደቀረች መፈለግ ነው። «ብዙ ስለሆነ ይሟሟል» ያለውን እጩ እዚያው ያሰናብቱት።

የሚቻል ከሆነ ለቀዳሚው እጩ ከ2 እስከ 3 ቀን የሚከፈልበት የሙከራ ሥራ ይስጡት። ጠዋት ሠራተኛ ሲያሰማራ ድምፁን ይስሙ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን ስለ እሱ ይጠይቁ።

የምስክር ደብዳቤን ማመን

ደብዳቤ ለመለያየት ተብሎም ይጻፋል። ስልክ ይደውሉ። ከቀድሞ አሠሪው ሌላ በሥሩ የሠራን አንድ ሰውና ግብዓት ይሸጥለት የነበረን አንድ ነጋዴ ያነጋግሩ። «ጥሩ ሰው ነው?» ሳይሆን «እንደገና ይቀጥሩት ነበር?» ብለው ዝም ይበሉ፤ ከመልሱ በፊት የሚመጣው ዝምታም መልስ ነው። አሁን ወዳለበት መሥሪያ ቤት ግን ሳያስፈቅዱት አይደውሉ። እርስዎ ሳይቀጥሩት ያለውን እንጀራ ሊያሳጡት ይችላሉ።

ቦነስን ያለ ሒሳብ ቃል መግባት

ቦነስ በወተት ሊትር ብቻ ከተሰላ፣ ከመውለዷ 60 ቀን ገደማ ቀድማ መንጠፍ (መታለብ ማቆም) ያለባት ላም እስከ መጨረሻው ትታለባለች፤ ኪሳራው ከወለደች በኋላ ይመጣል። በምርት መጠን ብቻ ከተሰላ ማዳበሪያና ፀረ-ተባይ ያለ ልክ ይፈሳል። በተጣራ ትርፍ ከሆነ ደግሞ የመሸጫ ዋጋውን የሚወስኑት፣ ብድሩን የወሰዱት እርስዎ ሆነው ሳለ የሚቀጣው እሱ ነው። የተሻለው ከሽያጩ እሱ የሚቆጣጠራቸውን ወጪዎች ብቻ መቀነስ ነው፦ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ የቀን ሠራተኛ። በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ከብቱና መጋዘኑ መቆጠር አለባቸው፤ አለዚያ ጊደሮችን መሸጥ ትርፍ መስሎ ይታያል። ውል ከመፈረሙ በፊት ቀመሩን ባለፈው ዓመት እውነተኛ አኃዝ አብራችሁ አስልታችሁ እዩት። ቦነስ ዝቅተኛ ደመወዝን አይተካም፤ የወር ወጪው የማይሸፈንለት ሰው ምርት እስኪሰበሰብ አይጠብቅም።

ቤተሰቡን መርሳት

ሥራ አስኪያጁ እርሻው ላይ የሚያድር ከሆነ የሚቀጠረው አንድ ሰው አይደለም። የትዳር አጋሩን ወይም አጋሯን ከመፈራረማችሁ በፊት ጋብዛችሁ ቤቱን፣ ውኃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ተቋሙን አሳዩ። ቤቱ ይጠገናል ከተባለ መቼ እንደሚጠገን ውሉ ላይ ይጻፍ።

ኃላፊነት ሰጥቶ ሥልጣን መንፈግ

በሞቃት ቀን የመስኖ ፓምፕ ቢቆም የተተከለ ችግኝ እርስዎ ከመንገድ እስኪመለሱ አይጠብቅም። ለሥራ አስኪያጁ ሳያስፈቅድ የሚያወጣው የገንዘብ ጣሪያ በጽሑፍ ይሰጠው። መጠኑን ለመወሰን ባለፈው ዓመት በድንገት የተከፈሉ የጥገና ደረሰኞችን ያውጡ፤ ጣሪያው አብዛኞቹን መሸፈን አለበት። በሌላ በኩል ያዘዘው፣ የተረከበውና የከፈለው አንድ ሰው እንዳይሆን፦ እሱ ያዝዛል፣ ንብረት ያዡ ቆጥሮ ይረከባል፣ ሒሳብ ክፍል ወይም ባለቤቱ ይከፍላል። ይህ አሠራር ካለመተማመን የመጣ አይደለም፤ ሰውየውንም ከሐሜት ያድነዋል።

ሠራተኞች በቀጥታ ለእርስዎ ሲደውሉ «ለእሱ ነግረኸዋል?» ብለው ይመልሷቸው። አንድ ጊዜ ትእዛዙን በስልክ ከሻሩበት እርሻው ሁለት አለቃ አለው፤ ሠራተኛውም የሚቀናውን ይመርጣል። የስርቆት ወይም የበደል ጥቆማ ግን ይለያል፤ እሱን ራስዎ ይስሙ።

ያለ ርክክብ ማስገባት

የሚለቀው ሥራ አስኪያጅ፣ አዲሱ ሰውና የባለቤቱ ወኪል አብረው ይቁጠሩ፤ ሦስቱም ይፈርሙ። ከብት በጆሮ ቁጥር፣ ነዳጅ በመለኪያ ዘንግ፣ ማሽን በሰዓት ቆጣሪው ንባብ፣ ኬሚካል ከነማብቂያ ቀኑ ይመዝገብ። ብዙ ጊዜ የሚረሱት በዓይን የማይታዩት ናቸው፦ ለአቅራቢ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ለሠራተኛ የተገባ የደመወዝ ጭማሪ ቃል፣ ከጎረቤት እርሻ የተዋሱት መሣሪያ።

የሙከራ ጊዜን በምርት መመዘን

በ3 ወር የሙከራ ጊዜ ውስጥ የሚታየው ምርት በአመዛኙ የቀድሞው ሰው ነው። ላም ከተጠቃች (ከተዳቀለች) እስክትወልድ 283 ቀን ያህል ይፈጃል፤ አዲሱ ሰው በገባ በ2ኛው ወር ያስጠቃት ላም ወተቷ የሚታየው ገና በ11ኛው ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ታንከሩን አይተው አይፍረዱ። የሚመዘነው የሥራ ልማዱ ነው፦ ላሞች ኮርማ የፈለጉበትና የተዳቀሉበት ቀን መዝገብ በየቀኑ ይሞላል? በ21 ቀኑ አካባቢ ተመልሳ ኮርማ የፈለገች ላም ትመዘገባለች? የጥጃ ሞት ከነምክንያቱ ተጽፏል? ሰብል ላይ ከሆነ የበቀለው ተክል በሜትር ተቆጥሯል? የመጋዘኑ ቀሪ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል? የትራክተሩ ዘይት በአምራቹ መመሪያ በተቀመጠው ሰዓት ተቀይሯል? በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ90ኛው ቀን ተቀምጣችሁ እነዚህኑ ጥያቄዎች ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ የተባባላችሁትን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱ እሱ ጋር ይቅር።