የፍሬን መብራት በራ? ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት

"የፍሬን መብራቷ ብልጭ እያለች ትጠፋለች። ትንሽ ዘይት ጨምርልኝና ልሂድ።" ደብረ ማርቆስ ላይ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ባለመኪናው ሁልጊዜ ይቸኩላል። ተሳፋሪ ይጠብቀዋል፣ ወይም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ሊገባ ነው። ከፊቱ ደግሞ ደጀን፣ ከደጀን ቀጥሎ የአባይ በረሃ አለ። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ዘይት ተጨምሮ መብራቱ የጠፋለት ሰው እውነተኛውን ችግር የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ብልጭታ ልጀምር። የእጅ ፍሬኑን መልቀቃችሁን አይታችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው።

ቀዩ መብራት መታጠፊያ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ወይም ፍሬን ስትይዙ ብልጭ ይላል

የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ዘይቱ ሲቀንስ ተንሳፋፊው አብሮ ይወርድና መብራቱን ያበራል። ዘይቱ ዝቅተኛው ምልክት አጠገብ ሲደርስ መኪናው ባዘነበለ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል። ሜዳ ላይ ሲስተካከል ይጠፋል። ሹፌሩም "ሽቦ ነው፣ ኮንታክት ነው" ብሎ ይተወዋል።

ሽቦ አይደለም። ዘይት ቀንሷል። ጥያቄው የት ሄደ ነው። የፍሬን ዘይት በሥራ ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። ወይ ፈስሷል፣ ወይ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ውስጥ ገብቷል።

ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። የፊት ጎማ ሸራ በሳሳ ቁጥር የካሊፐሩ ፒስተን ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል። ከኋላው የተከፈተውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ማጠራቀሚያው ላይ የጎደለው ዘይት ያለው እዚያ ነው። ጠብታ ሳይፈስ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ሸራው ስላለቀ ብቻ መብራቱ ይበራል። መብራቱ እየነገራችሁ ያለው "ሸራዬን እዩልኝ" ነው። ዘይት ስትጨምሩበት አፉን ዘጋችሁት ማለት ነው።

አንድ የዶልፊን ሹፌር ከቢቸና መስመር መጥቶ ነበር። መብራቱ በበራ ቁጥር ዘይት ሲጨምር ከርሟል። ወደ እኛ ያመጣው መብራቱ አይደለም፣ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ነው። ጎማውን ስንፈታ የውስጠኛው ሸራ ጨርሶ የለም። የሸራው ጀርባ ያለው ብረት ዲስኩን ቦርቡሮታል። በጊዜው ቢመጣ ሸራ ብቻ ቀይሮ የሚሄድ ሰው ሁለት ዲስክም ገዛ። ፒስተኑም ከመጠን በላይ ወጥቶ ስለነበር የካሊፐሩን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስስ የሚዘጋውን ጎማ) አብረን ቀየርን። ያ መኪና እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ጭኖ ይሠራ ነበር።

የውስጠኛው ሸራ ያልኩት በምክንያት ነው። አንዳንድ መካኒክ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ የውጭውን ሸራ ያይና "ገና ነው፣ ሂድ" ይላል። የእኛ አገር መንገድ አቧራና ጭቃ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ይደርቃሉ፣ ይዝጋሉ። ያኔ የሚሠራው የውስጠኛው ሸራ ብቻ ይሆናል። የውጭው ግማሹ እያለ የውስጡ ያልቃል። ጎማ ሳይፈታ ሸራ አየሁ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ታዲያ እንዲህ አድርጉ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ማጠራቀሚያውን እዩ፤ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ከውጭ ይታያል። ዘይቱ ዝቅ ብሎ ከሆነ ጎማዎቹን አስፈቱና ሁለቱንም ሸራ፣ የውስጡንም የውጩንም ተመልከቱ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ቀይሩ። ስትቀይሩ የግራና የቀኙን አንድ ላይ ነው፤ "ያለቀው የቀኙ ብቻ ነው" ብሎ አንዱን ብቻ የሚቀይር ሰው ፍሬን ሲይዝ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ፒኖቹን አውጥታችሁ አጽዱ፣ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ቀቡ። ተራ ግሪስ ሙቀት አይችልም፣ የፒኖቹን ጎሚኒም ያሳብጠዋል።

አዲሱ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ዘይቱም ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። መንገድ ላይ ስትጨምሩ ከነበረ አሁን ሞልቶ ይፈስሳል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ፒስተኑን ከመግፋታችሁ በፊት ትርፉን በሲሪንጅ ቅዱ። የፈሰሰውን ወዲያው በውኃ እጠቡት።

አሁን የምለውን አደራ አትርሱ። ሸራ ተቀይሮ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉን ጠንከር እስኪል ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሄዳል። ከጋራዥ ሲወጣ ግንብ የመታ መኪና አይቻለሁ። ሰው ቆሞበት ቢሆንስ?

ሸራው ደህና ሆኖ ዘይቱ ከቀነሰ ፈስሷል ማለት ነው። መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል እዩ። ከኋላ በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ከበሮ መሰል ፍሬን) ባለው መኪና የጎማ ሲሊንደሩ ጎሚኒ ያረጅና ዘይቱ ሸራው ላይ ይፈስሳል። ሲሊንደሩን ቀይሩ፣ ዘይት የጠጣውንም ሸራ ጣሉት። በቤንዚን አጥበውና አድርቀው የሚመልሱ አሉ፤ ሸራው ሲሞቅ ዘይቱ እንደገና ይወጣል፣ ያ ጎማ አይዝም። ቀጥሎ የፍሬን ዘይት የሚሄድባቸውን ቱቦዎች እጠፍ አድርጋችሁ እዩ፣ የተሰነጠቀ ካለ ቀይሩ። ምንም ነገር ወደ ውጭ ሳይፈስ ዘይቱ እየቀነሰ ከሄደ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) ከኋላ በኩል ወደ ሰርቮው (የእግራችሁን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል) እያፈሰሰ ነው፤ ይህ ጥቂት ጊዜ ነው የሚያጋጥመው።

ስለ ዘይቱ ራሱ

ክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈውን ግዙ፣ ጠርሙሱ ያልተከፈተ ይሁን። ሱቅ ውስጥ ግማሹ ተሸጦ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ አትግዙ፣ በርካሽም ቢሰጧችሁ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። በረሃው ውስጥ ይታወቃችኋል። በየ2 ዓመቱ አስቀይሩት።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራው ከገባ ማስተር ሲሊንደሩን ይፍቀዋል።

የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የማርሽ ዘይት በፍጹም አትጨምሩ። አንድ ሰው መንገድ ላይ መብራት በርቶበት፣ የፍሬን ዘይት ሲያጣ የመሪ ዘይት ጨመረ። "ሁለቱም ዘይት ነው" ብሎት ነበር ባለሱቁ። ትንሽ እንደሄደ ፍሬኑ ያዘና አልለቅም አለ፤ ጎማዎቹ ጨሱ። የማስተሩ፣ የካሊፐሮቹ፣ የሲሊንደሮቹ ጎሚኒ በሙሉ አብጦ ነበር፣ ቱቦዎቹም ጭምር። በአንድ ኩባያ ዘይት ምክንያት የፍሬኑ ጎማ ነክ ነገር ሁሉ ተቀየረ። እንዲህ ያለ ስህተት ከገጠማችሁ ፔዳሉን አትርገጡ፣ መኪናውን አስጎትቱ።

ሶኬቱ የተነቀለ መኪና

ይህ ያናድደኛል። ብዙ መኪኖች ላይ የተንሳፋፊው ሶኬት ሲነቀል መብራቱ ይጠፋል። "ሠራሁልህ" ብሎ ሶኬቱን ነቅሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ። ሽቦውን ቆርጦ በፕላስተር የሚጠቀልልም አለ። ቦሎ ሲደርስ ደግሞ አምፖሉን ከክሩስኮቱ (ከሹፌሩ ፊት ካለው የመብራቶች ሰሌዳ) የሚያወጣ አለ። አንድ አባት ልጃቸው የገዛላቸውን ያገለገለ ቪትዝ "ኧረ ይቺ መኪና ፍሬኗ ላላ" ብለው አመጡ። መብራት አይበራም። ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ማጠራቀሚያው ወደ ባዶ ተጠግቷል፣ ሶኬቱም ተነቅሎ ወደ ጎን ታስሯል። "አንቱ በዚህ ነው ከባሕር ዳር የመጡት?" አልኳቸው። ከጎናቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ቀዩ የፍሬን መብራት፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ካለው ደግሞ ቢጫውም፣ መብራት አለባቸው። ካልበሩ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ አንድ ሰው ነክቷቸዋል።

ቀዩ መብራት ጭራሽ አይጠፋም፣ ዘይቱም ሸራውም ደህና ነው

የእጅ ፍሬኑ ማብሪያ ነው። ማንሻው ሥር ያለችውን ሶኬት ንቀሉ፤ መብራቱ ከጠፋ ማብሪያዋ ተጣብቃለች፣ ወይም ማንሻው እስከ መጨረሻው አልወረደም። ክረምት ላይ ገጠር የሚሠሩ መኪኖች ደግሞ የእጅ ፍሬን ገመዳቸው ጭቃ ገብቶበት አይመለስም። ትንሽ ሄዳችሁ ስትቆሙ የኋላ ጎማ የሚያቃጥል ሙቀት ካለው ገመዱ ነው። ቀይሩት።

ቀዩ በርቶ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሌላ ነው። የናፍጣ ሞተር ባላቸው የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ለሰርቮው ባዶ አየር የሚስበው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው። እሱ ሲደክም ወይም ቱቦው ሲቀደድ ፍሬኑ በእግር ጉልበት ብቻ ይቀራል። ቱቦውን አስቀድማችሁ እዩ፣ ርካሹ እሱ ነው።

ቀዩ በርቶ ፔዳሉ ይሰምጣል

ቁሙ። ጋራዥ ድረስ ልድረስ የሚባል ነገር የለም። እየሄዳችሁ ከደረሰባችሁ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ርገጡ፣ ማርሽ አንድ በአንድ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ ሳቡ። ሞተሩን አታጥፉ፤ መሪውም ሰርቮውም በእሱ ነው የሚሠሩት።

ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን በርቷል

ተራው ፍሬን ይሠራል። ኤቢኤሱ ግን የለም። ጭቃ ወይም ዝናብ ላይ በድንገት ፍሬን ከያዛችሁ ጎማ ይቆልፋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው አጠገብ ያለው ሴንሰር ነው። ጭቃ ይሸፍነዋል፣ ወይም ሽቦው ኮረኮንች ላይ ይበጠሳል። ኩሽኔታ ከተቀየረ በኋላ ከበራ ደግሞ መካኒኩ ኩሽኔታውን ገልብጦ ገጥሞት ይሆናል፤ አንዳንዱ ኩሽኔታ ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ያለው። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ኮዱን በማሽን አስነብቡ። ሳያስነብቡ የፊቱን ገዝተው ችግሩ የኋላው ሆኖ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው።

ቀዩና ቢጫው አብረው በርተዋል

ዘይቱ ሙሉ ከሆነ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል የፍሬን ኃይል የሚያከፋፍለው ሥርዓት አቁሟል። የኋላ ጎማ ቀድሞ ሊቆልፍ፣ መኪናው ሊዞር ይችላል። ቀስ ብላችሁ ቅርብ ያለ ጋራዥ ግቡ። በዚህ ሁኔታ በረሃ አትውረዱ።

ምንም መብራት የለም፣ ፍሬኑ ግን ጠፋ

ሰው መብራቱን ብቻ ስለሚጠብቅ ይህን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ተንሳፋፊው የሚያውቀው የዘይቱን መጠን ነው። ዘይቱ መፍላቱን አያውቅም። ሸራው ግሎ መንሸራተቱንም አያውቅም። ከደጀን ቁልቁል ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ እግሩን ፍሬን ላይ ተክሎ የሚወርድ ሹፌር አለ። ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፣ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ከዚያ "ፍሬን በጠሰብኝ" ይባላል። ጋራዥ መጥቶ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ደህና ነው፣ የተበጠሰ ነገር አይገኝም።

ፎርጅድ ሸራ ይህን ያባብሰዋል። ሲሞቅ ይጠነክራል፣ መስታወት ይመስላል፣ አይዝም። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። በግማሽ ዋጋ ተገኘ ብላችሁ አትግዙት።

ቁልቁለቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ተክላችሁ አትቆዩ። ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳትስቡ አቀዝቅዙት። የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አታፍሱ፣ ይሰነጠቃል። ፔዳሉ ሲቀዘቅዝ ቢመለስም እንኳ ማርቆስ ወይም ደጀን ስትደርሱ ዘይቱን በሙሉ አስቀይሩ፣ አየሩንም አስወጡ። አንዴ የፈላ ዘይት በሚቀጥለው ጉዞ ቀድሞ ነው የሚፈላው።