በቴራፒ ግልቢያ ማኅበር ውስጥ በጎ ፈቃደኞችና የቦርድ አባላት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቴራፒ ግልቢያ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ነው። አንድ አካል ጉዳተኛ ልጅ ለግማሽ ሰዓት ፈረስ ላይ እንዲቀመጥ አንዳንዴ አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፈረሱን ይመራል። ሁለቱ ግራና ቀኝ እየተራመዱ ልጁን ይደግፋሉ። አሰልጣኙ ሜዳው መሐል ቆሞ ሁሉንም ይከታተላል። ከአራቱ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከነሱ ጀርባ ደግሞ የድርቆሹን ገንዘብ የሚያፈላልግ ቦርድ አለ።

እኔ በሁለቱም በኩል ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ከፈረሱ ጎን፣ ኋላም ቦርዱ ውስጥ። ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከደግነት የመጡ ናቸው። ሰው በቅን ልቡ የሚያደርገውን «ተው» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ሳይነገረው ይቀራል፤ ስህተቱም ይቀጥላል።

«እኔ ብቀር ምን ይጎድላል?»

ክፍያ የሌለው ሥራ ስለሆነ መቅረቱም ቀላል ይመስላል። ግን ሁለት ደጋፊ የሚያስፈልገው ልጅ በአንድ ደጋፊ አይጋልብም። አንድ ሰው ቀረ ማለት ልጁ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ፈረሱን ከሩቅ አይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። በየሳምንቱ መምጣት ካልቻሉ በየሁለት ሳምንቱ ብለው ይመዝገቡ፤ ያቺን ቀን ግን አያጉድሉ።

ከሚገባው በላይ መደገፍ

ይህን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በጣም የተለመደው እሱ ነውና።

ፈረስ ሲራመድ የጋላቢው ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል፤ ትንሽ ትንሽም ይዞራል። ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል። መራመድ የማይችል ልጅ ያንን እንቅስቃሴ የሚያገኘው ፈረሱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የሆዱና የጀርባው ጡንቻ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይሠራል። ታዲያ ደጋፊው ልጁን ጭምቅ አድርጎ ከያዘው የሚሠራው የደጋፊው ክንድ ነው። ልጁ እንደ ዕቃ ተጭኖ ይዞራል።

የተለመደው አያያዝ ክንድን በልጁ ጭን ላይ አሳርፎ የኮርቻውን ፊት መያዝ ነው። ክንዱ ያርፋል እንጂ አይጫንም። ክርናችን የፈረሱን ጎን ከወጋው፣ ወይም ሲደክመን ፈረሱን ከተደገፍነው ወደ ሌላኛው ጎን ይሸሻል፤ ልጁም አብሮ ያዘነብላል። ምን ያህል መደገፍ እንዳለብን የሚወስነው አሰልጣኙ ነው። «አሁን እጅሽን አንሺ» ሲል እጅ ይነሳል፤ ዓይን ግን ከልጁ ላይ አይነሳም።

በንግግርም እንዲሁ ነው። አሰልጣኙ ልጁን «ፈረሱን አቁመው» ይለዋል። የግራው ደጋፊ ይደግመዋል፤ የቀኙም ይጨምርበታል። መሪው ደግሞ ፈረሱን ያቆመዋል። ልጁ ምንም ሳያደርግ ነገሩ አለቀ። አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። አይናገርም ይባል ነበር። አንድ ቀን አሰልጣኟ ሁላችንንም ዝም አሰኘችንና ፈረሱ እንደቆመ ጠበቅን። በሆዴ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ከዚያ «ሂ» አለ። «ሂድ» ማለቱ ነበር። መሪዋ ወዲያው ፈረሱን አንቀሳቀሰችው። ለስንት ሳምንት እኛ ስንናገርለት ኖረናል!

መሪው ልጁን ሲያይ

ፈረስ የሚመራ ሰው ሥራው ፈረሱ ነው። ልጁ ሲስቅ ዞሮ ማየት ያጓጓል፤ የልጁ ነገር ግን ለደጋፊዎቹ የተተወ ነው። የፈረስ ዓይኖች ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል። የማያየው ቀጥታ ከኋላው ያለውንና አፍንጫው ሥር የቀረበውን ነው። ስለዚህ መሪው ከአንገቱ ጎን ሆኖ ይሄዳል። ከኋላ ማለፍ ካስፈለገም ድምፅ እያሰሙ፣ ራቅ ብለው ነው። ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ፈረሱ ከደነበረ እጅን ይዞ ይሄዳል። ትርፉ ገመድ ታጥፎ በመዳፍ ይያዛል።

ቢደነብርስ? መሪው ከፈረሱ ጋር ይቆያል። ደጋፊዎቹ የልጁን ጭን ከኮርቻው ጋር አጥብቀው ይይዛሉ። አሰልጣኙ «አውርዱት» ሳይል ልጁን መጎተት ራሱ አደጋ ነው፤ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይዞት ይቀራልና። ደጋፊዎች ቦታ ሲቀያየሩም ፈረሱ ይቁም፤ ልጁ ያለ ደጋፊ አንድ አፍታም አይቆይ።

«ጨዋ ፈረስ ነው፣ ይችለዋል»

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የኛም ፈረስ ይሸከማል እንጂ ስለራሱ አይሟገትም። የሚናገረው በጆሮው፣ በጭራውና በአፉ ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ ዝንብ ሳይኖር ጭራውን ደጋግሞ ካወናጨፈ፣ ኮርቻው ሲታሰር ለመንከስ ከዞረ አንድ ያመመው ወይም ያማረረው ነገር አለ። ሚዛኑን መጠበቅ የሚቸግረው ጋላቢ ለፈረስ ጀርባ ከባድ ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ፈረሶች ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ብቻ አይደክሙም ማለት አይደለም። «ዛሬ ደህና አልመሰለኝም» ብሎ ለአሰልጣኙ መንገር የአዲስ በጎ ፈቃደኛም ድርሻ ነው።

ክብደትም ላይ ልባችን ይራራል። በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ፈረስ ከራሱ ክብደት ከ20 በመቶ በላይ እንዳይሸከም ነው፤ ኮርቻው ጭምር ተቆጥሮ። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እስከ 100 ኪሎ ማለት ነው። «ለዛሬ ብቻ» እየተባለ ይህ ሲጣስ አይቻለሁ። ከወሰኑ ያለፈ ሰው በአክብሮት ይነገረው። መሬት ላይ ሆኖ ፈረስ መቦረሽና መምራትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ካሮት በኪስ ይዞ መምጣትም ይቅር። በእጅ የተመገበ ፈረስ እጅና ኪስ ማሽተት፣ ቀጥሎም መንከስ ይለምዳል። ደግሞ ፈረስ ማስታወክ አይችልም። ያልተስማማው ምግብ የሚያመጣበት የሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። መስጠት ከፈለጉ የጋጣውን ኃላፊ ይጠይቁ፤ በባልዲ ይሰጠዋል።

ፈውስ ቃል መግባት

ሊስ ሃርቴል የምትባል ዴንማርካዊት ጋላቢ እ.ኤ.አ. በ1944 በፖሊዮ ታመመች። ከጉልበቷ በታች ሽባ እንደሆነች ቀረች። ሆኖም በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ድሬሳዥ በሚባለው የፈረስ ግልቢያ ውድድር የብር ሜዳሊያ አገኘች። ፈረስ ላይ የምትወጣውም የምትወርደውም በሰው እርዳታ ነበር። በ1956 ደግሞ ሁለተኛ ብር ጨመረች። ታሪኳ አንዳንዴ «ፈረስ ፈወሳት» ተብሎ ይወራል። እግሯ ግን አልዳነም። እግሯ ሳይድን ነው የጋለበችው፤ ለኔ ይሄ ከፈውስ ወሬው ይበልጣል።

ስለዚህ ለወላጅ «እዚህ ይራመዳል» አይባል። ስሞቹንም አንቀላቅል። ሂፖቴራፒ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ሌላ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የፈረሱን እንቅስቃሴ ለሕክምና የሚጠቀምበት ነው። የቴራፒ ግልቢያ ደግሞ በሠለጠነ አሰልጣኝ የሚሰጥ የግልቢያ ትምህርት ነው። ገንዘብ የሚያሰባስብ የቦርድ አባል ይህን ካላወቀ ማኅበሩ የማይሰጠውን አገልግሎት ይሸጣል።

የሐኪም ወረቀት ሳይመጣ «ለአንድ ቀን ይሞክር» ማለትም ከዚሁ ይመደባል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የላይኛው የአንገት አጥንት መገጣጠሚያው የላላ ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ያልተቆጣጠሩት የሚጥል በሽታም ፈረስ ላይ አደገኛ ነው። እነዚህ በዓይን አይታዩም።

ፎቶ

ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አይነሳ፤ ልጁ ራሱ መልስ መስጠት ከቻለም ይጠየቅ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲባል አሳዛኙን ፊት መምረጥ ደግሞ ልጁን ያሳንሰዋል።

የተሰጠውን ፈረስ ሁሉ መቀበል

ይህ የቦርዱ ትልቁ ፈተና ነው። ደውለው «ፈረስ ልንሰጣችሁ ነው» ሲሉ እምቢ ማለት ያሳፍራል። ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ያረጀ፣ ያነከሰ ወይም ባለቤቱን ያስቸገረ ፈረስ ነው። ዊልቸር ወይም በድንገት የሚጮህ ልጅ አጠገቡ ሲመጣ ፀጥ ብሎ የሚቆም ፈረስ በቀላሉ አይገኝም። መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት በሙከራ ይምጣ። የእንስሳት ሐኪም ይየው። አሰልጣኟ «አይሆንም» ካለች ቦርዱ ከጎኗ ይቁም፤ ሰጪው የቦርድ አባል ወዳጅ ቢሆንም።

ሒሳቡም አለ። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ7 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይስተካከላል። ትምህርቱ ቢዘጋም መብላቱ አይቀርም። ፈረስ ደግሞ 25 እና 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። ከጡረታ በኋላ የት ይሄዳል? ማን ያበላዋል? የዚህ መልስ ፈረሱ ገና ሲመጣ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈር አለበት።

ሜዳ ላይ የቦርድ አባል መሆን

ብዙ የቦርድ አባላት ፈረስም ይመራሉ። ደስ ይላል። ግን ሜዳ ከገቡ አዛዡ አሰልጣኙ ነው። አባሉ «ይሄ ልጅ ዛሬ በሱምሶማ ይሂድ» ካለ ደጋፊዎቹ የማንን ይስሙ? ቦርድ የሚወስነው ተሰብስቦ ነው። አንድ አባል ብቻውን ቦርድ አይደለም።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ለኮርቻ የተሰጠ ገንዘብ ለደመወዝ አይውልም። ድርቆሹ ከቦርድ አባል እርሻ የሚገዛ ከሆነ አባሉ ቀድሞ ይናገር፤ ውሳኔ ሲሰጥ ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣቱም ይመዝገብ።

«ምንም አልተፈጠረም» ብሎ ማለፍ

ፈረሱ ደነገጠ፣ ልጁ ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ደጋፊው ያዘው። ሁሉም ተነፈሰ፤ ተሳሳቁና ቀጠሉ። ማንም አልጻፈውም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ደጋፊ፣ ሌላ ልጅ፣ ያው ፈረስ፣ ያው ማዕዘን።

በጎ ፈቃደኛው የማይናገረው ሰው እንዳላስወቅስ ብሎ ነው። ቦርዱም የማይጠይቀው ሁሉ ደህና እየመሰለው ነው። ከሄልሜቶቹ መስቀያ አጠገብ አንድ ደብተር ይሰቀል። ቀኑ፣ የፈረሱ ስም፣ ቦታው፣ ከመደንገጡ በፊት የሆነው ነገር ይጻፍበት። የጥፋተኛ ስም አያስፈልገውም። ቦርዱ በየስብሰባው ከበጀቱ በፊት ይህን ደብተር ያንብብ። እኛ ማንበብ ስንጀምር ሦስት የተለያዩ ሰዎች በሦስት የተለያዩ ቀናት ስለ አንድ በር ጽፈው አገኘን። ነፋስ ሲመጣ እየተላተመ የሚጮህ የቆርቆሮ በር ነበር። በማግስቱ በገመድ ታሰረ።