የሎሚ ትል ቤት ውስጥ ለምታሳድጉ

ጎንደር ግቢያችሁ ውስጥ ሎሚ ካለ፣ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ነገር ፈልጉ። ኩስ ላይሆን ይችላል፤ የቢራቢሮ ትል ገና ትንሽ ሳለ መልኩ እንደዚያ ነው፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ልጆች ወደ ቤት ሲያመጡት የሚያስቸግረው ቅጠሉ ነው። የተቆረጠ ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፣ ትሉም ደረቁን አይበላም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ካቆማችሁት ደግሞ ትሉ በእንጨቱ ወርዶ ይሰምጣል። የእኛ ሁለቱ እንዲህ ነው ያለቁት።

መላው ቀላል ነው፦ የሃይላንድ ክዳን በጋለ ምስማር ብሱ፣ የሎሚውን ቅርንጫፍ በቀዳዳው አሾልኩና ውሃ በያዘው ጠርሙስ ላይ ክደኑት። ክፍተት ከቀረ ጥጥ ወትፉበት። ቅርንጫፉ ውሃውን ይስባል፣ ትሉ ግን አይደርስበትም። ጠርሙሱን ካርቶን ውስጥ አቁማችሁ ከላይ በሻሽ ሸፍኑ። አንድ ሻካራ እንጨትም ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡ፤ ትሉ ሽፋን ለብሶ የሚቆየው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተጣብቆ ነው፣ ቢራቢሮውም ሲወጣ ክንፉ እስኪደርቅ የሚንጠለጠልበት ይፈልጋል።

ትሉን ሲነኩት ከአንገቱ ቀላ ያለ መንታ ቀንድ ብቅ አድርጎ ይሸታል። ጠላት ማባረሪያው ነው፣ አይጎዳም። ልጄ ከቢራቢሮው ይልቅ የወደደው ይሄን ነው።

ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል አትስጡት። ሌሊቱ በረደ ብላችሁም ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ፀጉራሙን አባጨጓሬ ግን ልጆች እንዳይነኩት፤ ያሳክካል።