በኪንግ ካውንቲ ምርጫ እንዴት ድምፅ ይሰጣል፦ ከምዝገባ እስከ ቤት ግብር ጥያቄው

በዋሽንግተን ስቴት የሚገኘው ኪንግ ካውንቲ ሲያትልን፣ ሬንተንን፣ ኬንትን፣ ቱክዊላንና ሌሎች ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸውን ከተሞች ያቀፈ ነው። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደርስ በየቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጅ ወሬው ሁሉ እርሱ ይሆናል፤ የካውንቲው ምርጫ ሲመጣ ግን ፖስታው ሳይከፈት ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብሮ የሚጣልበት ቤት አለ። ይህ በእጅጉ ያሳስባል፤ ድንገት ስንታመም የሚደርስልን አምቡላንስ በምን ገንዘብ እንደሚንቀሳቀስ፣ የቤታችንን ግምት ማን እንደሚያወጣ፣ የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያን ማን እንደሚመራ የሚወሰነው በዚሁ ወረቀት ነውና። በኖቬምበር 2025 ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ሲመረጥ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ለድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት የሚውል የቤት ግብር ይጽደቅ ወይስ አይጽደቅ የሚል ጥያቄም ቀርቦ ነበር። ሹመቱንና ግብሩን አንድ ላይ እንዴት ማንበብ፣ መሙላትና መመለስ እንደሚቻል ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርቧል።

መጀመሪያ፣ መመዝገብ የሚችለው ማን እንደሆነ ይረጋገጥ

መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ የአሜሪካ ዜግነት፣ 18 ዓመት ዕድሜና ከምርጫው ቀን በፊት ቢያንስ 30 ቀን በስቴቱ ውስጥ መኖር ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው መመዝገብም ሆነ ድምፅ መስጠት አይችልም። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ወይም መንገድ ላይ ቅጽ ሲቀርብላቸው ሳያስተውሉ የሚፈርሙ ስላሉ ይህን ነገር አጥብቆ መናገር ይገባል፤ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል፣ ከዚያም አልፎ ከአገር ሊያስባርር ይችላልና። በሲያትል ከተማ የሚኖሩ ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ግን አንድ ክፍት በር አላቸው፦ ከተማዋ ለነዋሪዎቿ የምትሰጠውን እያንዳንዳቸው የ25 ዶላር ዋጋ ያላቸውን አራት የዴሞክራሲ ቫውቸሮች (የምርጫ ዘመቻ መዋጮ ኩፖኖች) ለሚደግፉት የከተማ ዕጩ መስጠት ሕጉ ይፈቅድላቸዋል።

በኢንተርኔት ወይም በፖስታ የሚላክ ምዝገባ ከምርጫው ቀን 8 ቀን በፊት መድረስ አለበት። ያ ቀን ያለፈበት ሰው ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም፤ በአካል ወደ ካውንቲው የምርጫ ማዕከል ሄዶ እስከ ምርጫው ቀን ምሽት 8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ተመዝግቦ እዚያው ድምፁን መስጠት ይችላል። ቤት የቀየረ ሰው አድራሻውን ማስተካከል አለበት፤ የድምፅ መስጫው የሚላከው በተመዘገበው አድራሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ፖስታው የሚመጣበትን ጊዜ ማወቅ

በዋሽንግተን ስቴት ምርጫ የሚካሄደው በፖስታ ነው፤ እንደ አገር ቤት ምርጫ ጣቢያ ሄዶ መሰለፍ የለም። የድምፅ መስጫው ከምርጫው ቀን ቢያንስ 18 ቀን አስቀድሞ ይላካል፤ የእያንዳንዱን ዕጩ መግለጫና የግብር ጥያቄውን ሙሉ ቃል የያዘው የመራጮች መጽሔትም ለየብቻው ይደርሳል። የመጀመሪያው ዙር ማጣሪያ በኦገስት የመጀመሪያው ማክሰኞ ሲሆን፣ ዋናው ምርጫ በኖቬምበር ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው። በማጣሪያው ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ብቻ ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ፤ ስለዚህ በኦገስት ሳይመርጥ ያለፈ ሰው የሚወደውን ዕጩ ኖቬምበር ላይ ላያገኘው ይችላል። የግብር ጥያቄም ኖቬምበርን አይጠብቅም፤ የካውንቲው የመናፈሻዎች ግብር በ2025 የጸደቀው በኦገስቱ ምርጫ ነበር። በፌብሩዋሪና በኤፕሪልም ልዩ ምርጫ ሊጠራ ስለሚችል በማንኛውም ወር የመጣን የምርጫ ፖስታ መክፈት ይበጃል።

ሦስተኛ፣ ሹመቶቹን መለየት

በካውንቲው ደረጃ የሚመረጡት ዋና አስተዳዳሪው፣ 9 ወረዳዎችን የሚወክሉት የምክር ቤት አባላት፣ የንብረት ገማቹ፣ ዐቃቤ ሕጉና የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ከፓርቲ ውጭ የሚወዳደሩ ስለሆኑ ከስማቸው ጎን ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን የሚል ጽሑፍ አይገኝም፤ የፓርቲ ስም አይቶ መምረጥ የለመደ ሰው መጽሔቱን ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ሸሪፉን፣ ማለትም የካውንቲውን የፖሊስ አዛዥ፣ በወረቀቱ ላይ መፈለግ አያስፈልግም፤ በ2020 መራጩ ሕዝብ የካውንቲውን ቻርተር (መተዳደሪያ ሕግ) አሻሽሎ ሸሪፉ በምርጫ ሳይሆን በሹመት እንዲቀመጥ ወስኗል። በ2022 ደግሞ የአስተዳዳሪውና የምክር ቤቱ ምርጫ ብዙ ሰው በሚመርጥባቸው ተጋማሽ ቁጥር ዓመታት (እንደ 2026ና 2028 ባሉ) እንዲሆን ስለተወሰነ፣ በ2025 የተመረጡት ሦስት ዓመት ብቻ አገልግለው በ2028 እንደገና ይወዳደራሉ።

ብዙ ጊዜ ታልፎ የሚቀር አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የሲያትል ወደብ ኮሚሽነርነት ነው። አምስቱ ኮሚሽነሮች የሚመረጡት በመላው ካውንቲ መራጭ ሲሆን፣ የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚተዳደረው በእነርሱ ነው። በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በጽዳትና በምግብ ቤት እዚያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ቁጥር ቀላል ስላልሆነ፣ የእነዚህን ዕጩዎች መግለጫ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ተገቢ ይመስለኛል።

አራተኛ፣ የግብር ጥያቄውን በእርሳስና በወረቀት ማስላት

በወረቀቱ ላይ የሚታየው የግብር ጥያቄ አጭር ነው፤ የአካባቢ ጥያቄ ማብራሪያ ከ75 ቃላት እንዳይበልጥ ሕጉ ስለሚያዝ ብዙ ነገር ተጨምቆ ይቀርባል። በእርሱ ውስጥ አራት ነገሮችን መፈለግ ይገባል፦ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ በ1,000 ዶላር የቤት ግምት ስንት ሳንቲም እንደሚያስከፍልና አዲስ ግብር ወይም የነበረውን የሚተካ መሆኑን።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ገማቹ በየዓመቱ የሚልከውን የቤት ግምት ለ1,000 ማካፈልና በተጠቀሰው ሳንቲም ማባዛት ነው። በኖቬምበር 2025 የቀረበው የድንገተኛ ሕክምና ግብር በ1,000 ዶላር 25 ሳንቲም ነበር፤ ቤቱ 800,000 ዶላር የተገመተ ሰው 800ን በ25 ሳንቲም ሲያባዛ በዓመት 200 ዶላር ያገኛል። በዚያው ዓመት የጸደቀው የመናፈሻዎች ግብር 23.29 ሳንቲም ስለሆነ ለዚያው ቤት በዓመት 186 ዶላር ከ32 ሳንቲም ይሆናል። ሁለቱም ከ2026 እስከ 2031 ለስድስት ዓመት የሚቆዩ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ አለመግባባቶች አሉ። የመጀመሪያው ማደስ የሚለውን ቃል ሰምቶ ክፍያው እንደ ድሮው ይቀጥላል ብሎ ማሰብ ነው። በ2019 የጸደቀው የመናፈሻዎች ግብር 18.32 ሳንቲም የነበረ ሲሆን፣ እርሱን የተካው ግን እንዳየነው 23.29 ነው። የድንገተኛ ሕክምናው በተቃራኒው በ2019 ከጸደቀው 26.5 ሳንቲም ወደ 25 ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ሆኖም የጸደቀው መጣኔ የሚያመለክተው የመጀመሪያውን ዓመት ስለሆነ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት የቤት ዋጋ ሲወጣ መጣኔው እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱን ቁጥር ማነጻጸር የሚገባው ከስድስት ዓመት በፊት ከጸደቀው ጋር ሳይሆን በመጨረሻው ዓመት የግብር ደረሰኝ ላይ ከሰፈረው ጋር ነው።

ሁለተኛው አለመግባባት የቤቴ ግምት በ20 በመቶ ከጨመረ ግብሬም በ20 በመቶ ይጨምራል የሚለው ስጋት ነው። በዋሽንግተን አንድ መሥሪያ ቤት ከነባር ንብረቶች የሚሰበስበው መደበኛ የንብረት ግብር ያለ መራጩ ፈቃድ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሕግ ገድቦታል፤ ግምቱ በዋናነት የሚወስነው ይህ ጠቅላላ ገንዘብ በባለቤቶች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። ካውንቲው እየደጋገመ ወደ መራጩ የሚመለሰውም በዚህ ገደብ ምክንያት ነው፤ ገደቡን ለተወሰነ ዓላማና ጊዜ ከፍ ለማድረግ ፈቃድ መጠየቁ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ከግማሽ በላይ ድምፅ ሲበቃ፣ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚቀርብ የቦንድ ጥያቄ ግን 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልገዋል።

ገንዘቡን ካወቁ በኋላ የሚገዛውን ነገር መመርመር ይከተላል። የድንገተኛ ሕክምናው ግብር ሜዲክ ዋን ተብሎ የሚታወቀውንና በ1970 በሲያትል የተጀመረውን አገልግሎት ይደግፋል፤ በካውንቲው ልቡ ድንገት የቆመ ሰው የመትረፍ ዕድሉ በአገሪቱ ከሚታወቁት ከፍተኛዎች አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል። ሌላ ጥያቄ ደግሞ ዓላማው ሰፊና ልቅ ሊሆን ስለሚችል፣ በመጽሔቱ ውስጥ የደጋፊውንና የተቃዋሚውን መግለጫ ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። ተከራይም ቢሆን ጉዳዩ አይመለከተኝም ሊል አይችልም፤ ባለቤቱ የሚከፍለው ግብር ውሎ አድሮ በኪራዩ ላይ ይታያል። ዕድሜያቸው 61 የደረሰ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ከሥራ የተገለሉ፣ ገቢያቸውም ከካውንቲው ጣሪያ በታች የሆነ ባለቤቶች በሚኖሩበት ቤት ላይ የግብር ቅናሽ እንዲደረግላቸው ለገማቹ ማመልከት ይችላሉ። ይህን የማያውቁ እናቶችና አባቶች በመካከላችን አሉና፣ ልጆች ቅጹን ሞልተው ቢያስገቡላቸው ትልቅ እፎይታ ይሆንላቸዋል።

አምስተኛ፣ ወረቀቱን መሙላት

በጥቁር ወይም በሰማያዊ እስክሪብቶ ከምርጫው አጠገብ ያለው ክብ ሙሉ በሙሉ ይጠቆር። የተሳሳተ ምልክት ያደረገ ሰው በተሳሳተው ምርጫ ላይ መስመር አስምሮ ትክክለኛውን ያጥቁር። የማያውቁትን ሹመት ባዶ መተው የቀረውን ድምፅ አያበላሽም።

እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ራሳቸው የመረጡት ሰው እንዲያግዛቸው የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ ይፈቅድላቸዋል፤ የሚያግዛቸው ሰው ግን አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ መሆን አይችልም። የሚያግዘው ልጅ ሥራው ማንበብ፣ መተርጎምና የታዘዘውን ምልክት ማድረግ ነው፤ ለእናቱ ወይም ለአባቱ መምረጥ አይደለም።

ስድስተኛ፣ ፊርማው

ድምፅ ከሚወድቅባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። በመመለሻው ፖስታ ጀርባ መራጩ መፈረም አለበት፤ ሠራተኞች ያንን ፊርማ በመዝገብ ካለው ጋር ያስተያያሉ። የስቴቱ ኦዲተር በ2022 ባወጣው ምርመራ በ2020ው ምርጫ የጥቁሮች ድምፅ ከነጮች በአራት እጥፍ ያህል ውድቅ መደረጉን፣ ለውሳኔዎቹ ግን የአድልዎ ማስረጃ አለመገኘቱን ገልጿል። የእኛ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት፦ አንዳንዱ በአማርኛ ፊደል፣ አንዳንዱ በላቲን፣ አንዳንዱም እንደ ቦታው እየለዋወጠ ይፈርማል። በመዝገብ ያለው ፊርማ ብዙውን ጊዜ ከመንጃ ፈቃድ የተወሰደ ስለሆነ፣ መንጃ ፈቃዱን ከፊት አስቀምጦ እንደዚያው መፈረም ይሻላል። መፈረም የማይችል ሰው ምልክት አድርጎ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙለታል፤ ልጅ በእናቱ ስም መፈረም ግን ውክልና ቢኖረውም አይፈቀድም።

በመጨረሻ፣ መመለስና መከታተል

መመለሻው ፖስታ ቴምብር አያስፈልገውም። በፖስታ የሚልክ ሰው ፖስታ ቤቱ የሚመታው የቀን ማህተም ከምርጫው ቀን ሊያልፍበት ስለሚችል ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢልክ ይመረጣል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን በካውንቲው ልዩ ልዩ ስፍራዎች ወደተተከሉት የድምፅ መስጫ ሳጥኖች መውሰድ አስተማማኝ ነው። ሳጥኖቹ የሚዘጉት በምርጫው ቀን ልክ ምሽት 8 ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በካውንቲው የምርጫ ድረ ገጽ ላይ ስምና የልደት ቀን አስገብቶ ፖስታው መድረሱንና ፊርማው ተቀባይነት ማግኘቱን ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ውጤት በዚያው ምሽት ከ8 ሰዓት ትንሽ ቆይቶ ይወጣል፤ በፖስታ ዘግይተው የደረሱት ስለሚቆጠሩ ቁጥሩ ለቀናት ይለዋወጣል። ፊርማው ያልተመሳሰለ ሰው ከካውንቲው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ስልክ ቁጥሩን ካስመዘገበም ይደወልለታል። የተላከውን ቅጽ ፈርሞ ውጤቱ ከመጽደቁ ከአንድ ቀን በፊት ከመለሰ ድምፁ ይቆጠራል። ውጤቱ የሚጸድቀው ከኖቬምበሩ ምርጫ በኋላ በ21ኛው ቀን፣ ከኦገስቱ በኋላ ደግሞ በ14ኛው ቀን ነው።